በእኔ ስም የወጣ ውጤት

እህቴ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ሰባት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ፀጉሬን የሠራችኝ፣ ትምህርት ቤት ያስመዘገበችኝ፣ የመጀመሪያ የወር አበባዬ ሲመጣ ደንግጬ ሳለቅስ ጨርቅ ቀድዳ የሰጠችኝ እሷ ናት። እትዬ ነው የምላት። ከወሎ ወደ አዋሽ ወርዳ በጂቡቲ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ስትከፍት እኔን ኮምቦልቻ አክስታችን ዘንድ ተወችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ደግሞ፣ ከባዳ ምግብ ሠሪ አንቺ ትሻይኛለሽ ብላ አስጠራችኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ስለ እሷ ስለሆነ ነው። ክፉ ሴት ናት ብዬ አላውቅም፤ ዛሬም አልልም።

ቤቱ ትልቅ አልነበረም። ስድስት ጠረጴዛ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከፊት ለፊት ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት ሜዳ። ሾፌሮቹና ረዳቶቻቸው ከመኪና ወርደው ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ይበላሉ፣ ጥላ ስር ትንሽ ጋደም ይሉና ይሄዳሉ። ሥራውን ከእትዬ ጋር ተከፋፍለን ነበር። እሳቱ የእኔ ነው፤ ሩዙን፣ የፍየል ሥጋውን፣ ፓስታውን እኔ እሠራለሁ። እሳት የማያስፈልገው ሁሉ የእሷ ነው፤ ሰላጣ ትቆርጣለች፣ ጁስ ትመታለች፣ ከደንበኛ ጋር ትጫወታለች። የአዋሽ ሙቀት ላይ ምድጃ ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ትችይዋለሽ ትለኝ ነበር። እኔም እችለው ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ከእሷ ጋር መኖርን ነበርና።

ከደንበኞቻችን ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው አዋሽ አርባ ሲሆን ልጃቸው እኛ አጠገብ ሱቅ ስለነበረው ብዙውን ቀን በሚኒባስ መጥተው ሱቁ ደጃፍ ላይ ይውላሉ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ወደ እኛ ገብተው ጥግ ላይ ይቀመጡና የፓፓያ ጁስ ያዛሉ። ጥርሳቸው ስላለቀ ሥጋ አይነኩም። አማርኛቸው ትንሽ ናት፤ ያችኑ ትንሽ ግን ለእኔ አይሰስቷትም። በኩሽናው መስኮት አይተውኝ "ልጄ፣ እሳቱ ዛሬም አልበላሽም?" ይሉኛል። እኔም "አልሐምዱሊላህ አባባ፣ አለሁ" እላለሁ። በቀን አንዴ የምንነጋገረው ይህችኑ ነበር።

ሙቀቱ በጣም በበረታበት ወቅት ሰው መታመም ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ሾፌር ከሎጊያ ደውሎ እትዬን ተቆጣት፤ እናንተ ዘንድ በልቼ ሁለት ቀን መንዳት አቅቶኛል አላት። ከሳምንት በኋላ ሌላ ሾፌር ከነረዳቱ ታመመ። እትዬ ነገሩን በመንገድ ላይ ውሃና በሌላ ሰው ምግብ ታሳብብ ነበር፤ እኔም አምኛታለሁ። ከዚያ አባባ መምጣት አቆሙ። በአራተኛው ቀን ልጃቸው ሱቁን ዘግቶ መጣና በሩ ላይ ቆሞ አባቱ ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ ይዟቸው ሆስፒታል መግባታቸውን ነገረን። አልጮኸም። ከእናንተ ቤት በቀር ከውጭ ምንም አይቀምሱም ብቻ ብሎ ሄደ።

በማግስቱ የጤና ተቆጣጣሪዎች መጡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ። የውሃውን በርሜል፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የእጅ መታጠቢያውን አዩ። ሴትየዋ ምግብ የምትነኩ ሁላችሁም ሰገራ ትመረመራላችሁ፣ እስከዚያ ሥራ የለም አለችን። ምግብ የምንነካው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከቦርሳዋ ሁለት ትንንሽ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ዕቃዎች አወጣች፤ ስማችንን ፕላስተር ላይ ጽፋ ክዳኖቹ ላይ ለጠፈች። ጠዋት ቤታችሁ ተጠቀሙ፣ ሽንትም ውሃም እንዳይነካው፣ በእንጨቷ የጥፍር ያህል ጨምሩና ቶሎ አምጡት፣ በዚህ ሙቀት ከቆየ የሚታይ ነገር አይኖረውም ብላ አስረዳችን። እኔ አፍሬ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር የምሰማት።

ጠዋት እንደተባልነው አደረግን። እኔ ዕቃዬን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ፣ እንዴት አድርጌ ይህን ይዤ በሾፌሮች መሐል አልፋለሁ ብዬ ስጨነቅ፣ እትዬ ሁለቱንም እኔ አደርሳለሁ አለችኝ። ገና ያልተዳርሽ ልጅ ነሽ፣ ሰው አይይሽ፣ እኔን ማን ምን ይለኛል አለች። ፌስታሉን ከእጄ ተቀብላ ወደ መኝታ ክፍሏ ገባች፤ ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና ሄደች። በመስኮት እያየኋት፣ እናቴ ብትኖር ከዚህ በላይ አታደርግልኝም ነበር ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል።

ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ጠራን። ያቺው ሴት ሁለት ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች። ለእትዬ ነጻ ነሽ አለቻት። ወደ እኔ ዞራ አንቺ ግን ሁለት ነገር ተገኝቶብሻል፣ አሜባ እና ኮሶ አለችኝ። አሜባው ነው ሰውን የጎዳው፤ ከመጸዳጃ ስትወጪ እጅሽን በደንብ ሳትታጠቢ ምግብ ስትነኪ ነው የሚተላለፈው አለች። በሳሙና እንደምታጠብ ልነግራት ፈልጌ እጆቼን ሻርፔ ስር ደበቅሁ። ስለ ኮሶው ጥሬ ሥጋ ትወጃለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በሕይወቴ ጥሬ ሥጋ በአፌ አልዞረም፤ በልጅነቴ አንዴ ሞክሬ አስታውኬ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ሽታውም አይስማማኝም። ይህን ስናገር እትዬ ጣልቃ ገብታ፣ እኔ ነኝ የምበላው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥጋ ቤት አስመጣለሁ፣ በእኔ ቢላዋና መክተፊያ እየሠራች ይዟት ይሆናል አለች። ሴትየዋ ወረቀቷ ላይ እየጻፈች ነበር፤ ራሷን ነቀነቀችና መድኃኒት አዘዘችልኝ። ድነሽ በምርመራ እስክትረጋገጪ ኩሽና አትገቢም አለችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ ሆዴን እኮ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም አልኳት ለእትዬ። ሳያሳምም ሰው ውስጥ ይቀመጣል አሉ አለችኝ። እውነትም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሆዴ ያመኝ ጀመር። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ የሚንቀሳቀስ ነገር አዳምጥ ነበር። እጆቼን ሳያቸው ይቀፉኝ ጀመር፤ ቆዳዬ እስኪሰነጣጠቅ በሳሙና አሸሁ። አባባን በእነዚህ እጆች ነው ያሳመምኳቸው እያልኩ አስብ ነበር።

እትዬ መድኃኒቱን ገዝታ ስትመጣ ሁለት ሰው የሚበቃ ይዛ መጣች። አብሮ የሚኖር ሰው አብሮ ቢወስድ ይሻላል ብለውኛል አለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ለእኔ፣ አንድ ለራሷ፣ እኩል ዋጥን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን አፍን የብረት ብረት የሚያሰኝ ኪኒን ጠዋትና ማታ አብራኝ ወሰደች። የኮሶውን መድኃኒት የዋጥን ዕለት እሷ መጸዳጃ ቤት ብዙ ቆየች፤ ወጥታ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ ሳቀችና ጸዳሁ አለች። እኔ ግን ምንም ሲወጣ አላየሁም። ያኔ ብዙም አላሰብኩበትም። ያን ሰሞን የማስበው፣ ምንም ሳይኖርባት ለእኔ ብላ ይህን መራራ ነገር የምትውጥ እህት አለችኝ የሚለውን ነው። በሕይወቴ እሷን እንደዚያ ሰሞን ወድጃት አላውቅም።

ቤቱ ተከፈተ። የእሷን ውጤት በላስቲክ ሸፍና ከገንዘብ መቀበያው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ለሚጠይቃት ሁሉ፣ ምግብ ሠሪዋ ነበረች የታመመችው፣ አንስቻታለሁ ትል ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ እሰማታለሁ። እህቴ እንኳ አላለችም፤ ምግብ ሠሪዋ ነው ያለችው። ስትገባ ዓይኔን አይታ ለሰው ዓይን ነው፣ ቅር አይበልሽ አለችኝ። ቅር አላለኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አምኜ የለ።

አባባ ከሆስፒታል ሲወጡ ሄጄ ይቅር ብለው አፉ እንዲሉኝ ልለምናቸው እንደምፈልግ ነገርኳት። ጥሩ ነው፣ ሂጂ አለችኝና ሁለት ኪሎ ስኳርና ሻይ ቅጠል ገዝታ ሰጠችኝ። ሚኒባስ ይዤ አዋሽ አርባ ወረድኩ። አባባ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው ዳስ ስር ፍራሽ ላይ ጋደም ብለው ነበር። ትልቅ ሰውዬ ነበሩ፤ ያኔ ግን ሽርጣቸው ወገባቸው ላይ ሁለቴ ዞሮ ተጠምጥሟል። ልጃቸው እኔን ሲያይ ተነስቶ ወጣ። እግራቸው ስር ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ እኔ ነኝ ያሳመምኩዎት፣ ሳላውቅ ነው፣ አፉ ይበሉኝ እያልኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው አንዳንድ ነገር በአፋርኛ አሉ። በመጨረሻም በአማርኛ "አፉ ብያለሁ ልጄ፣ ተነሽ" አሉኝ። ስኳሩን አስቀምጬ ወጣሁ። በሚኒባሱ ውስጥ ሰው እያየኝ እስከ አዋሽ አለቀስኩ።

መድኃኒቱን ጨርሼ በድጋሚ ስመረመር ነጻ ነሽ ተባልኩ። ወደ ኩሽናዬ የምመለስ መስሎኝ ነበር። እትዬ ግን ሰው ገና አልረሳም፣ ሾፌሮቹ አንቺን እያዩ አይበሉም አለች። ሎጊያ ማረፊያ ቤት ያላት አንዲት የሀገራችን ልጅ ምግብ ሠሪ እንደምትፈልግ፣ ለጊዜው እዚያ ብሄድ እንደሚሻል ነገረችኝ። አውቶቡስ ድረስ ሸኘችኝ። ሻንጣዬ ውስጥ አዲስ ሻርፕ አስቀምጣልኝ ነበር፤ ደርሼ ስከፍተው ነው ያየሁት።

ሎጊያ ከአዋሽ ይብሳል፤ ነፋሱም ይፋጃል። ቢሆንም ሥራውን ለመድኩ። እትዬ በየጁምዓው ትደውልልኛለች፤ ተመለሽ ግን አትለኝም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ከዚያ ምግብ የሚሠሩ ሁሉ ሰመራ ሄደው እንዲመረመሩ ታዘዘ። ያቺው ባለ ክዳን ዕቃ እንደገና እጄ ላይ ወደቀች። የሚያደርስልኝ ሰው ስለሌለኝ ጠዋት ሞልቼ በፌስታል ጠቅልዬ በባጃጅ ራሴ ይዤ ሄድኩ።

የላብራቶሪው ሠራተኛ ሰው ስላልበዛበት እዚያው ጠብቂ አለኝ። በማጉያው መነጽር አየና ምንም የለብሽም አለኝ። ማመን አልቻልኩም። ከዚህ በፊት አሜባና ኮሶ እንደነበረብኝ፣ ሰው እንዳሳመምኩ ነግሬ እባክህ ደግመህ እይልኝ ብዬ ለመንኩት። ሰውየው ታጋሽ ነበር። ሌላ መስታወት ላይ ቀብቶ ደግሞ ደጋግሞ አየ፤ እንዲያውም ነይ ራስሽ እይው ብሎ አሳየኝ። የገለባ ስብርባሪ የሚመስል ነገር ብቻ ነበር። ከምሳ የቀረ ነው አለኝ።

ከዚያ ስለ ኮሶው ጠየቀኝ። ጥሬ ሥጋ እንደማልበላ ስነግረው በመገረም አየኝ። ከቢላዋና ከመክተፊያ ነው የያዘኝ ስለው፣ በሥራ ዘመኔ ኮሶ ከቢላዋ ያዘኝ ያለ ሰው አልገጠመኝም፣ የበሬ ሥጋ በጥሬው ካልበላሽ ከየት ይመጣል አለኝ። ኮሶ ያለበት ሰው እኮ ማንም ሳይነግረው ያውቃል፣ ቁርጥራጩን ልብሱ ላይ ያገኘዋል፤ አንቺ አግኝተሽ ታውቂያለሽ? አላውቅም። መድኃኒቱን ስትወስጂስ ሲወጣ አይተሻል? አላየሁም። ምን ምግብ ነበር የምትሠሪው ብሎ ጠየቀኝ። ሩዝና ሥጋ፣ እሳት ላይ ያለውን ሁሉ አልኩት። እሱ ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም፣ አሜባ በአብዛኛው የሚተላለፈው ሳይበስል በሚበላ ነገር ነው፣ በሰላጣ፣ በጁስ አለኝ።

ቀጥሎም "ስም ተቀያይሮ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ስህተት ያጋጥማል። ዕቃውን ራስሽ ነሽ ያስረከብሽው?" አለኝ።

"እህቴ ናት የወሰደችልኝ" አልኩት።

መስታወቱን መጥረግ ጀመረ። ወረቀቴን ፈርሞ ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየም፤ እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ቀስ በቀስ አልነበረም። ጥሬ ሥጋው፣ ጁሱ፣ አብራኝ የዋጠችው ኪኒን፣ መጸዳጃ ቤት የቆየችበት ሰዓት፣ ፌስታሉን ይዛ መኝታ ክፍሏ የገባችው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ከመሥሪያ ቤቱ ወጥቼ ሰመራ አስፋልት ዳር ካለች አጥር ጥላ ስር ቁጭ አልኩ። ሆዴ መታመሙን አቆመ። ከሰባት ወር በላይ አልፎ አልፎ ያመኝ የነበረ ሆድ ነው።

ሦስት ቀን ለማንም ሳልናገር ሥራዬን ሠራሁ። የተሳሳትኩ ቢሆን እያልኩ ራሴን እከራከር ነበር። እንዲህ ማሰቤ ራሱ ኃጢአት ይሆንብኛል፣ ያሳደገችኝን ሴት በሌብነት እንደመጠርጠር ነው እላለሁ። ጁምዓ ደውላ እንደ ልማዷ ድምፅሽ ደክሟል፣ ውሃ ጠጪ ስትለኝ ግን አልቻልኩም። በማግስቱ አስፈቅጄ አዋሽ ሄድኩ። መንገዱ ረጅም ነው። አዳይቱ ከተማ ላይ ቆመን ሰዎች ሻይ ሲጠጡ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም፤ የምላትን እየደረደርኩ ነበር። ከደረደርኩት ውስጥ አንዱንም አልተናገርኩትም።

ስደርስ ቲማቲም እየከተፈች ነበር። እኔ የምሠራበት ምድጃ ፊት አንዲት የማላውቃት ሴት ቆማለች። እትዬ ደስ ብሏት ልትስመኝ ስትነሳ ወደ መኝታ ክፍሏ እንድንገባ በዓይኔ አሳየኋት። ገባን። ቢላዋዋን በእጇ እንደያዘች ነበር።

"እትዬ፣ ያን ጊዜ ዕቃዎቹን ቀይረሻቸው ነበር?"

አልካደችም። ትክዳለች ብዬ ተዘጋጅቼ ስለነበር አለመካዷ አቅሜን ነሳኝ። አልጋው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና "ክዳኑን ብቻ ነው የቀየርኩት" አለች።

ብቻ ያለቻት ቃል እስካሁን በጆሮዬ አለች።

ከዚያ ተናገረች፤ ብዙ። ምርመራው ከመምጣቱ ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ ሆዷ አልተስተካከለም ነበር። የኮሶውንም ቁርጥራጭ አይታለች፤ ግን አፍራ ዝም ብላለች። ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ የምግብ ቤቱ ባለቤት ራሷ ከተገኘባት በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ቤቱ ይዘጋል፣ ሠራተኛ ከሆነች ግን ሠራተኛዋ ብቻ ትነሳለች ብላ አሰበች። እውነት እንደዚያ ይሁን አይሁን አላረጋገጠችም። ይህን ቤት ለማቆም የደረሰባትን ዘረዘረች፣ ሁሉንም አውቀዋለሁ። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ሌላ ቦታ ትጀምሪያለሽ፣ እኔ ከዚህ ቤት ሌላ ምን አለኝ አለች። ስትናገር አታለቅስም ነበር፤ የሆነን ሥራ እንዴት እንደሠራች የምታስረዳ ትመስል ነበር።

"አባባ እግር ስር ወድቄ ስለምንስ ዝም ብለሽ አየሽኝ?" አልኳት።

"ስኳሩን ገዝቼ የላክሁሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለችኝ። ይህን የተናገረችው ለራሷ መከራከሪያ አድርጋ ነው። ወላሂ፣ የሚቆጠርላት መስሏት ነበር።

አልጮህኩም። መጮህ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። "ብትጠይቂኝ እኮ እሺ እልሽ ነበር" አልኳት። እውነቴን ነው። ያን ቀን ጠዋት ቁጭ አድርጋ፣ እህቴ፣ ታምሜያለሁ፣ ስሜን በስምሽ ሸፍኚልኝ ብትለኝ፣ ኃጢአት መሆኑን እያወቅኩ እሺ እላት ነበር። አብሬያት እዋሻለሁ፣ ኩሽናውን እለቃለሁ፣ ሎጊያ እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይቀርልኝ ነበር፤ የገዛ እጆቼን መጸየፉ።

"ብነግርሽ ፊትሽ ያስታውቅብሽ ነበር" አለች። "እንዲያ ሆነሽ አታለቅሺም ነበር።"

አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ ተነሽና አብረን አዋሽ አርባ እንሂድ፣ ለአባባ ራስሽ ንገሪያቸው አልኳት። ቤቱን ማን ይጠብቃል አለች። ነገ አልኳት። ድነው የለ፣ ያለፈ ነገር መቆስቆስ ለማን ይጠቅማል አለች። ቢላዋዋን እንደያዘች ወደ ቲማቲሟ ተመለሰች። በጠረጴዛዎቹ መሐል አልፌ ስወጣ ግድግዳው ላይ ያለችው ወረቀት በላስቲኳ ውስጥ ቢጫ ሆና አየኋት። የእትዬ ስም ተጽፎባታል፤ ከሥሩ ያለው ውጤት ግን የእኔ ነው።

ብቻዬን አዋሽ አርባ ሄድኩ። አባባ ዳሱ ስር ተቀምጠው ነበር፤ ሥጋቸው ትንሽ ተመልሷል፣ በምርኩዝ ግን ነው የሚሄዱት። ወደ እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ አልረገጡም። አወቁኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ወተት አስመጡልኝ። በአጭሩ ነገርኳቸው፦ ያሳመመዎት ነገር ከእኔ አልነበረም፣ ከእህቴ ነው፣ ዕቃው ተቀያይሮ ነው። እንዴት እንደተቀያየረ አልተናገርኩም። የሚያዝኑልኝ ወይም የሚቆጡልኝ መስሎኝ ነበር፤ ምናልባትም ለዚያ ብዬ ነው የሄድኩት።

አባባ ግን አልገረማቸውም። "ፓፓያውን የምትሠራው እሷ አይደለችም? እኔ እኮ አያታለሁ" አሉኝ። "አንቺ ስትመጪ ታናሽ ነሽና እሷ የላከችሽ መስሎኝ ነው አፉ ያልኩት።"

ወተቱ እጄ ላይ ቀረ። አማርኛ አዳጋች የሆነባቸው ሽማግሌ ከወንበራቸው ሆነው ያዩትን፣ እኔ እዚያው ቤት ውስጥ እየኖርኩ አላየሁትም። እንዳላይ ያደረገኝ ሞኝነት ብቻ አልነበረም። እሷን መጠርጠር የሚባል ነገር በውስጤ ቦታ አልነበረውም፤ እሷም ይህን ታውቅ ነበር፣ የተማመነችውም በዚያው ነው።

ስነሳ "እሷ ግን እስካሁን አልመጣችም" አሉኝ። ትመጣለች ብዬ ልዋሽላቸው አልፈለግኩም። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ወደ ሎጊያ ተመልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ለጤና ጣቢያውም ለሾፌሮቹም አልተናገርኩም። እሷን ለመሸፈን ብዬ እንዳልሆነ ለራሴ እነግራለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። አሁን የምኖረው ሰመራ ነው፣ አግብቻለሁ፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ምሳ እሠራለሁ። ሰላጣውንም እሳቱንም የምሠራው እኔው ነኝ። እትዬ በየዒዱ ትደውላለች፣ አነሳላታለሁ፣ ዒድ ሙባረክ እንባባላለን፣ ስለ ሙቀቱ እናወራለን። ቤቷ ደህና ነው፤ ሰፍቷል ብለውኛል። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ መጥታ ሁለት ሳምንት አረሰችኝ። ልጄን ስታጥብ፣ ስታሽ፣ ስታስተኛ እያየሁ እኔንም እንዲህ ነበር ያሳደገችኝ እል ነበር። ገንፎውን ስታቀርብልኝ እጇን ታጥባ እንደሆነ አያለሁ። እኔ እንደማያት እሷም ታያለች።

የምትሄድበት ቀን አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋት። ልጄን አቅፌያለሁ፣ እሷ ሻንጣዋን ይዛለች። መሳፈሪያው ላይ ዞራ "አሁንም ተቀይመሽኛል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፣ የልጄን እግር ሳም አደረገችና ተሳፈረች። በመስኮት በኩል እጇን ታወዛውዝልኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ተቀምጣ ሻርፗን ስታስተካክል ብቻ ነው ያየኋት። አውቶቡሱ ሲወጣ ልጄን ፀሐይ እንዳይነካው ሸፈን አድርጌ ወደ ባጃጆቹ ሄድኩ።